ኤርንስት ክላድኒና ከሰማይ የሚወርደው እሳት

አመሻሽ ላይ ከደጁ የቆመ ሰው ሰማዩ ድንገት እንደ ቀን ሲበራ ቢያይ፣ ከከዋክብት ሁሉ የበለጠ፣ ከጨረቃም የደመቀ የእሳት አሎሎ ጭራውን እየጎተተ ከአንዱ አድማስ ወደ ሌላው ሲሮጥ ቢመለከት፣ ጥቂት ቆይቶም እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ቢሰማ፣ ያየውን ለጎረቤቱ ሳይናገር አያድርም። ጎረቤቱስ ያምነው ይሆን? ዛሬ ያምነዋል። ከ200 ዓመት በፊት በአውሮፓ ግን እንዲህ ያለ ነገር አየሁ የሚል ገበሬ በተማሩት ሰዎች ዘንድ መሳቂያ ነበረ። ከእሳቱ ውስጥ ድንጋይ ወረደ ብሎ ድንጋዩን በእጁ ይዞ ቢመጣ ደግሞ ይብሱን ይስቁበት ነበር።

ይህን ሳቅ ካስቆሙት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው ኤርንስት ፍሎሬንስ ፍሪድሪክ ክላድኒ የሚባል የጀርመን ሊቅ ነው። ክላድኒ በፊዚክስ መጻሕፍት የሚታወቀው ስለ ድምፅ ባደረገው ምርምር ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምተርከው ሁለተኛውን ሥራውን፣ ስለ ሰማይ እሳት የጻፈውን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ክላድኒ ኖቬምበር 30 ቀን 1756 ዓ.ም. በሳክሶኒ ምድር፣ ቀድሞ ማርቲን ሉተር ባስተማረባት በዊተንበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ በዚያው ከተማ ዩኒቬርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። እናቱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ሞቱበት። አባቱም ይህን አንድ ልጃቸውን እጅግ አጥብቀው አሳደጉት። ሌሎች ልጆች በመንገድና በሜዳ ሲጫወቱ እርሱ ያለ ፈቃድ ከቤት መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ዓይኑን በመጽሐፍ ላይ አኖረ፤ ስለ ሩቅ አገሮች የሚናገር ጽሑፍ ሲያገኝም ደስ ይለው ነበር። በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ከአገር አገር ሲዞር የኖረ ሰው ልጅነቱን እንደዚህ ተዘግቶ ማሳለፉ ያስገርማል፤ ወይም ምናልባት አያስገርምም።

ዕድሜው ለከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ እርሱ ሕክምና ለመማር ተመኘ። አባቱ ግን ሕግ ተማር አሉት። በዚያ ዘመን የአባት ቃል የማይገሠሥ ስለ ነበረ በዊተንበርግ፣ ቀጥሎም በላይፕሲግ ዩኒቬርሲቲ ሕግ አጠናና በ1782 ዓ.ም. ገደማ ትምህርቱን በማዕረግ ፈጸመ። በዚያው በ1782 ዓ.ም. አባቱ ሞቱ። ክላድኒም ሐዘኑን ከተወጣ በኋላ የሕግ መጻሕፍቱን ዘግቶ ልቡ ወደሚወደው ወደ ተፈጥሮ ምርምር ተመለሰ። ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው፤ ነፃነት ብቻ ነበረው። እንግዲህ አንባቢ ይህን የሕግ ትምህርት በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ሳይወድ የተማረው ነገር ወደ ፊት የሚጠቅምበት ቦታ አለና።

ክላድኒ ሙዚቃ መማር የጀመረው በ19 ዓመቱ ነው። በዚያን ጊዜ ሊቃውንት ስለ ብርሃንና ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ ሲመራመሩ ድምፅን ችላ ብለውት ነበርና ክላድኒ ይህን ባዶ ቦታ አየ። ሥራውን የሠራበት መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ስስ የመስተዋት ወይም የናስ ዝርግ ሳሕን መካከሉን አጥብቆ ይይዛል፤ በላዩ ደረቅ አሸዋ ይነሰንሳል፤ ከዚያ በቫዮሊን ደጋን፣ ማለት እንደ ማሲንቆአችን ደጋን የፈረስ ጭራ በተወጠረበት እንጨት፣ ጠርዙን ይገዘግዛል። ሳሕኑ ሲጮኽ አሸዋው ከሚንቀጠቀጠው ቦታ እየዘለለ ጸጥ ወዳለው መሥመር ይሰበሰባል። ወዲያው ኮከብ፣ መስቀል፣ ክብና ሌላም የሚያምር ሥዕል ይወጣል። ድምፁ ሲለወጥ ሥዕሉም ይለወጣል። ይህን ነገር በ1787 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ፤ እስከ ዛሬም የክላድኒ ሥዕሎች እየተባሉ ይጠራሉ። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቀጭን የናስ ሳሕንና ደጋን ያገኘ ተማሪ ሁሉ ራሱ ሊሞክረው ይችላል።

ይህን የመሰለ ሥራ የሠራ ሰው ወዲያው በዩኒቬርሲቲ ወንበር ያገኛል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አላገኘም፤ እስከ ሞተበትም ቀን ድረስ ቋሚ የማስተማር ሥራ አልነበረውም። ስለዚህ ኑሮውን የሚመራበት ሌላ ዘዴ ፈለገ። በ1790 ዓ.ም. ኤውፎን የሚባል፣ በውኃ በረጠበ ጣት የመስተዋት ዘንጎች እየታሹ የሚዜምበት የሙዚቃ መሣሪያ ሠራ። ይህንና ሳሕኖቹን በሠረገላ ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ እየሄደ፣ ገንዘብ ለሚከፍል ሕዝብ እያሳየና እያስተማረ ይኖር ጀመር። በሄደበት ከተማ ሁሉ ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም ነበር፤ የከተማውን ሊቃውንትና የከተማውን ቤተ መጻሕፍት።

በ1793 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ይህ ጉዞ ወደ ጎቲንገን ከተማ አደረሰው። በዚያ ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊክተንበርግ የሚባል ስመ ጥር የፊዚክስ አስተማሪ ነበረ። ሊክተንበርግ ራሱ በኖቬምበር 1791 ዓ.ም. አንድ የእሳት አሎሎ በጎቲንገን ሰማይ ላይ ሲያልፍ አይቷል። ሁለቱ ሰዎች ሲጨዋወቱ ክላድኒ ይህ እሳት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ሊክተንበርግም እርግጠኛ መልስ አልነበረውም። በዚያ ዘመን አንዳንዱ መብረቅ ነው፣ አንዳንዱ ከምድር የወጣ የሚነድ ጋዝ ነው፣ አንዳንዱም በከፍታ ያለ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው ይል ነበር። ነገሩን በእውነት ማወቅ የሚሻ ሰው ግን ድሮ የታዩትን ሁሉ ፈልጎ ማወዳደር እንዳለበት በመካከላቸው ተነሣ። ክላድኒ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። መንገዱን አቆመና በጎቲንገን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት እኔ እስከማስበው ድረስ የሕይወቱ ትልቁ ጊዜ ናቸው። የድሮ ዜና መዋዕል፣ የአካዳሚዎችን መጽሔት፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ እያገላበጠ በሰማይ ስለ ታየ እሳትና ከሰማይ ወደቀ ስለ ተባለ ድንጋይ የተጻፈውን ሁሉ ሰበሰበ። እዚህ ላይ ነው ያ ሳይወድ የተማረው ሕግ የጠቀመው። የፊዚክስ ሊቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ይችላልን ብሎ ይጀምር ነበር፤ በዘመኑም ዕውቀት መልሱ አይችልም ነበረ። ክላድኒ ግን እንደ ዳኛ ጀመረ። ምስክሩ በዓይኑ ያየ ነው ወይስ ከሌላ የሰማ? በመመስከሩ የሚያገኘው ጥቅም አለን? ምስክሮቹ አስቀድመው ሊመካከሩ ይችሉ ነበርን? ቃላቸውስ ይገጥማል ወይስ ይለያያል?

የነገሩን ክብደት ለማየት ሦስት ምስክርነቶችን እንመልከት።

ኖቬምበር 7 ቀን 1492 ዓ.ም. በአልሳስ ምድር በኤንሲስሃይም አጠገብ ታላቅ ፍንዳታ ተሰምቶ አንድ ከባድ ድንጋይ በስንዴ እርሻ ላይ ወደቀ። ድንጋዩ በከተማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀመጠ።

ሜይ 26 ቀን 1751 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በክሮኤሽያ አገር በህራሽቺና መንደር ሰማይ ላይ የእሳት አሎሎ ታየ፤ በብዙ ሩቅ ከተማም ያሉ ሰዎች አዩት። አሎሎው ፈንድቶ ሁለት የብረት ቁራጮች ወደ ምድር ወረዱ፤ ትልቁ 39 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። የአገሩ ጳጳስ ጽሕፈት ቤት ምስክሮችን በመሐላ አስጠይቆ ቃላቸውን ከብረቱ ጋር ወደ ቪየና ላከ።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1768 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሉሴ እርሻ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰሙ፤ ቀና ሲሉም ድንጋይ ሲወርድ አዩ፤ ሮጠው ቢደርሱ ግማሹ በመሬት ተቀብሮ ሊነኩት እስከማይችሉ ድረስ የጋለ ሆኖ አገኙት።

ሊቃውንቱ ለእነዚህ ምስክሮች ምን መለሱ? የሉሴን ድንጋይ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የመረመረው በታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ በላቩዋዝዬና በጓደኞቹ እጅ ነው። እነርሱም ድንጋዩ ከዚያው ከምድር የነበረ፣ መብረቅ የመታው ነው ብለው ፈረዱ። የህራሽቺናን ብረት በቪየና ይጠብቅ የነበረ የማዕድን አዋቂም በ1790 ዓ.ም. የመሐላውን ቃል ቢያሳትመውም እንዲህ ያለውን ተረት በሠለጠነ ዘመን ማመን እንደማይገባ ጻፈ። በዚያው በ1790 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በባርቦታን ድንጋይ ሲዘንም የመንደሩ ሹማምንት ባለሥልጣን እንደሚያደርገው ያዩትን ጽፈው ፈረሙበት። አንድ የተማረ ሰው ግን ለእንዲህ ያለ መሃይም ሹም አዝናለሁ በሚል መንፈስ በጋዜጣ አፌዘባቸው። እነዚህ ሊቃውንት ሰነፎች አልነበሩም። ላቩዋዝዬን ሰነፍ ሊለው የሚደፍር ማን አለ? ነገር ግን ኒውተን በጨረቃና በፕላኔቶች መካከል ያለው ሰማይ ባዶ ነው ብሎ አስተምሯልና ከባዶ ቦታ ድንጋይ ሊመጣ አይችልም ብለው ነገሩን ገና ሳይሰሙት ዘግተውት ነበር።

ክላድኒ ግን ይህን አስተዋለ። የኤንሲስሃይም ሰው፣ የክሮኤሽያ ሰውና የፈረንሳይ ገበሬ ተገናኝተው አያውቁም፤ ቋንቋቸው የተለያየ ነው፤ በመካከላቸው እስከ 276 ዓመት አለ፤ ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ ብርሃኑ፣ ሩጫው፣ ፍንዳታው፣ እንደ ሠረገላ የሚንኳኳው ረጅም ድምፅ፣ በመጨረሻም የድንጋዩ ጥቁር ቅርፊት። ውሸት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ በዋሸ ነበር። ምስክርነቱ ከገጠመ የታየው ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱን ማግኘት የሊቃውንት ሥራ እንጂ የገበሬው ዕዳ አይደለም።

ምስክር ብቻ ሳይሆን ቁጥርም ነበረው። የእሳት አሎሎዎቹን በልዩ ልዩ ከተማ ያዩአቸው ሰዎች በነገሩት መሠረት ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን ያሰሉ የሂሳብ አዋቂዎች ነበሩ። ለምሳሌ ኦገስት 18 ቀን 1783 ዓ.ም. ማታ በእንግሊዝ አገር ሰማይ ላይ ያለፈው ታላቅ አሎሎ በለንደን ሊቃውንት ብዙ ተጽፎበታል። ክላድኒ ቁጥሮቹን ሲመለከት በአንድ ሰኮንድ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነገር በአየር ውስጥ ተወልዶ በምድር ስበት ብቻ እንዲህ ሊፈጥን እንደማይችል ተረዳ። ይህን ፍጥነት ይዞት የመጣው ከውጭ ነው፤ እሳቱም የሚነደው ድንጋዩ በዚህ ፍጥነት ከአየር ጋር ሲጋጭ ነው። ዛሬ የምናውቀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ድንጋዩ በሰኮንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በማያንስ ፍጥነት ሲገባ በፊቱ ያለውን አየር አፍኖ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም አየር ግሎ ያበራል፤ የድንጋዩም ገጽ ይቀልጣል።

የቀረው ታላቁ የብረት ነገር ነው። በ1749 ዓ.ም. በመስኮብ አገር በሳይቤሪያ፣ ከክራስኖያርስክ በስተ ደቡብ ባለ ተራራ ላይ ሜድቬዴቭ የሚባል አንጥረኛ አንድ ትልቅ የብረት ቋጥኝ አይቶ ነበር። ብረቱ 700 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበርና ብዙ ደክሞ ወደ ቤቱ አስጎተተው። የአገሩ ታታሮች ይህ ብረት ከሰማይ የወረደ ቅዱስ ነገር ነው ይሉ ነበር። በ1772 ዓ.ም. ፒተር ሲሞን ፓላስ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ በዚያ ሲያልፍ አየው፤ ጽፎም ለአውሮፓ አሳወቀው፤ በኋላም ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተወሰደ። ብረቱ እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ ሲሆን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ኦሊቪን የሚባል እንደ መስተዋት የጠራ ብጫ ማዕድን ተሰግስጎበታል። በአካባቢው እሳተ ገሞራ የለም፤ እንዲህ ያለውን ብዛት ሊያቀልጥ የሚችል ምድጃም አልነበረም። በደቡብ አሜሪካም ዛሬ አርጀንቲና በሚባለው አገር፣ አንድም ድንጋይ በማይገኝበት የሰማይ መስክ በሚባል ሜዳ ላይ እጅግ የሚበልጥ ብረት በ1783 ዓ.ም. ታይቶ ተጽፎ ነበር። ክላድኒ ወደ ሳይቤሪያም ወደ አሜሪካም ሳይሄድ ከቤተ መጻሕፍት ወንበሩ ላይ ሆኖ እሳቱን፣ ድንጋዩንና ብረቱን በአንድ ክር ሰፋቸው። ሦስቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ዓለማት ሲፈጠሩ የተረፉ ወይም ከተሰበሩ ዓለማት የተበተኑ ቁራጮች ናቸው፤ ከጠፈር መጥተው በአየራችን ይነዳሉ፤ ከምድር ላይ ይወድቃሉ።

መጽሐፉ በ1794 ዓ.ም. ወጣ፤ 63 ገጽ ብቻ ነበር። ክላድኒ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። የዩኒቬርሲቲ ወንበር የሚመኝ፣ በድምፅ ሥራው ብቻ የተከበረ ሰው፣ የመንደር ተረት የሚሉትን ነገር ተሟግቶ ስሙን ለአደጋ አጋለጠ። እንደ ፈራውም ሆነ። ብዙዎች ፈጽሞ አልተቀበሉትም። ወዳጁ ሊክተንበርግ እንኳ መጽሐፉን መጀመሪያ ሲያነብ ከእነዚያ ድንጋዮች አንዱ ራሱን የመታው ያህል እንደ ተሰማው ይተረካል።

ሰማይ ግን ለክላድኒ መሰከረለት ማለት ይቻላል። ገና ሁለት ወር ያህል ሳይሞላ ጁን 16 ቀን 1794 ዓ.ም. ማታ በኢጣልያ በሲየና ከተማ አጠገብ ከሚያጨስ ጥቁር ደመና ፍንዳታ ተሰምቶ ብዙ ድንጋዮች ዘነሙ፤ ብዙ ሰዎችም አዩ። በአጋጣሚ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በዋዜማው ፈንድቶ ስለ ነበረ አንዳንዱ ድንጋዩ ከዚያ የመጣ ነው አለ፤ በመካከሉ ያለው ርቀት ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዲሴምበር 1795 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አንድ የእርሻ ሠራተኛ በቆመበት አጠገብ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ አፈር እየበተነ ወደቀ። የእርሻው ባለቤት ኤድዋርድ ቶፓም የምስክሮቹን ቃል በመሐላ አስጻፈና ድንጋዩን በለንደን ለሕዝብ አሳየ፤ በ1799 ዓ.ም. ደግሞ በወደቀበት ቦታ ላይ የጡብ ሐውልት አሠራ። በ1798 ዓ.ም. ዲሴምበር በህንድ አገር በቤናሬስ አጠገብ ምሽት ላይ የእሳት አሎሎ ታይቶ ድንጋይ ወረደ። ኤድዋርድ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ከልዩ ልዩ አገር የመጡትን እነዚህን ድንጋዮች መርምሮ በሁሉም ውስጥ ኒኬል ያለበት ብረት እንዳለ በ1802 ዓ.ም. አስታወቀ። የእንግሊዝ፣ የኢጣልያና የህንድ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው ወንድማማች ሆነው፣ ከወደቁበት ምድር ድንጋይ ጋር ግን ምንም አልተዛመዱም።

በዚህ መካከል እኛን ተማሪዎችን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። በ1798 ዓ.ም. ብራንዴስና ቤንዜንበርግ የሚባሉ ሁለት የጎቲንገን ተማሪዎች፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣቶች ሳሉ፣ የክላድኒን መጽሐፍ አንብበው ተወርዋሪ ኮከብ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚነድ ለመለካት ተነሡ። ከከተማው ውጭ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ሌሊት ሌሊት በብርድ ውስጥ እየተቀመጡ እያንዳንዳቸው የሚያዩትን ኮከብ ሰዓቱንና ቦታውን ይጽፉ ነበር። 402 ተወርዋሪ ከዋክብት ቆጠሩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያዩአቸው 22 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ጥቂቶች ግን ነገሩ ከደመና እጅግ በላይ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እንደሚነድ አገኙ። ሁለት ተማሪዎች፣ ሰዓትና የከዋክብት ካርታ፤ ሌላ የረባ መሣሪያ አልነበራቸውም።

ክርክሩን የዘጋው የፈረንሳይ ነገር ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1803 ዓ.ም. በኖርማንዲ በሌግል ከተማ አጠገብ የእሳት አሎሎ ታይቶ፣ ከባድ ፍንዳታም ተሰምቶ ወደ 3,000 የሚጠጉ ድንጋዮች ዘነሙ። መንግሥት ዣን ባፕቲስት ቢዮ የሚባል የ29 ዓመት ወጣት ሊቅ ላከ። ቢዮ በፓሪስ ተቀምጦ አልፈረደም። በእግሩ ከመንደር መንደር እየሄደ ቄሱንም፣ ገበሬውንም፣ የቀን ሠራተኛውንም ጠየቀ፤ ድንጋዮቹ የወደቁበትንም ስፍራ ለካ። ልክ ክላድኒ በመጽሐፍ ያደረገውን እርሱ በሜዳ አደረገው። ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ድንጋይ ከሰማይ አይወድቅም የሚል ሊቅ እየጠፋ ሄደ።

ክርክሩ ግን ከየት ነው የሚመጣው ወደሚለው ዞረ። ላፕላስን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ድንጋዮቹ ከጨረቃ እሳተ ገሞራ የተወረወሩ ናቸው ብለው ስላሰቡ ክላድኒ ራሱ ከ1805 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ወደዚህ አሳብ አዘንብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ፍጥነታቸውን እንደገና መዝኖ ወደ ፊተኛው አሳቡ ተመለሰ። ትክክል እንደ ነበረ ከረጅም ጊዜ በኋላ ታወቀ። ኤፕሪል 7 ቀን 1959 ዓ.ም. ማታ በቼኮስሎቫኪያ በፕርሽብራም አጠገብ ያለፈ የእሳት አሎሎ በካሜራ ተነሥቶ፣ ከእርሱም የወደቁ ድንጋዮች ተገኝተው፣ የመጣበት መንገድ በሂሳብ ሲፈለግ በማርስና በጁፒተር መካከል ወዳሉት ትንንሽ ዓለማት ክልል አደረሰ።

የክላድኒ ኑሮ ከዚህ በኋላም መንገድ ላይ ነው። በ1802 ዓ.ም. ስለ ድምፅ ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። በ1809 ዓ.ም. መጀመሪያ በፓሪስ በናፖሌዎን ፊት ቀርቦ የአሸዋውን ሥዕል አሳየ። ንጉሠ ነገሥቱም መጽሐፉን ወደ ፈረንሳይኛ እንዲመልስ 6,000 ፍራንክ ሰጠው፤ የሥዕሎቹን ሂሳብ ለሚፈታ ሰውም ሽልማት እንዲወጣ አደረገ። ያን ሽልማት በ1816 ዓ.ም. ያገኘችው ሶፊ ዤርሜን የምትባል ሴት ናት። እርስዋም ሴት በመሆንዋ ትምህርት ቤት ተከልክላ በቤትዋ የተማረች ነበረች፤ ታሪክዋ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ናፖሌዎን ይህን ያህል ቸርነት ለክላድኒ ቢያደርግም ጦርነቱ ዊተንበርግን አላራራላትም። ከተማይቱ በ1813 ዓ.ም. ተከብባ ስትደበደብ ክላድኒ ኬምበርግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ ኖረ፤ አባቱ ያስተማሩበትም ዩኒቬርሲቲ ተዘግቶ በ1817 ዓ.ም. ከሃሌ ዩኒቬርሲቲ ጋር ተዋሐደ።

በ1819 ዓ.ም. ስለ እሳት አሎሎዎችና ከእነርሱ ጋር ስለ ወደቁ ድንጋዮች እስከዚያ ጊዜ የታወቀውን ሁሉ ያከማቸበትን ሰፊ መጽሐፍ በቪየና አወጣ። ከዚህም ጋር በየሄደበት ከተማ የሰማይ ድንጋይ ቁራጭ እየለመነ፣ እየገዛና እየለወጠ ይሰበስብ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

የክላድኒ ሥራ የቆየ ታሪክ ብቻ አይደለም። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ጧት በሩሲያ በቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ ወርዱ 20 ሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ ነደደ፤ ብርሃኑ ለጥቂት ሰኮንድ ከፀሐይ በለጠ። ብዙ ሰዎች ምን መጣ ብለው ወደ መስኮት ሮጡ። ድምፁ ግን ከብርሃን የዘገየ ስለ ሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ደረሰና መስኮቱን በፊታቸው ሰባበረው፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። እንዲህ ያለ ብርሃን ያየ ሰው ከመስኮት መራቅ አለበት። ያየበትን ሰዓትና አቅጣጫ፣ ድምፁ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደ ደረሰ ቢጽፍም ለተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ታላቅ እርዳታ ነው፤ ካሜራ በሌለበት አገር ደግሞ ይበልጡን።

ክላድኒ በ70 ዓመቱ ለማስተማር ብሬስላው ወደምትባለው፣ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ወደምትገኘው ከተማ ሄዶ ሳለ በኤፕሪል 1827 ዓ.ም. መጀመሪያ በድንገት ሞተ። ድንጋዮቹን አስቀድሞ ለበርሊን ዩኒቬርሲቲ የማዕድን ቤተ መዘክር ተናዝዞ ነበር። ከእነዚያ መሰል ድንጋዮች ውስጥ ብጫ ኦሊቪን በብረት መካከል የሚታይባቸው ዓይነቶች በሳይንስ ፓላሳይት ተብለው ይጠራሉ። ስሙ የተሰጠው የሳይቤሪያውን ብረት ላሳወቀው ለፓላስ ነው፤ ፓላስ ግን ብረቱ ከምድር የተገኘ ነው ብሎ ያምን ነበር። በሳይቤሪያ ተራራ የነበሩት ታታሮች ብረቱ ከሰማይ ወረደ ያሉትን እውነት ነው ብሎ የተከራከረላቸው ክላድኒ ነው።